የተደበቀ በሽታና የአንጎል ፎቶግራፍ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። ይህ ምሳሌ የሚወቅሰው ሕመሙን ለሐኪም ሳይናገር የሚሸሽገውን ሰው ነው። እኔ ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት በቤታችን ካየሁት ነገር የተነሣ፥ ሰው ሳይሆን በሽታው ራሱ የሚደበቅበት ጊዜ እንዳለ ተማርሁ። ሕመምተኛው «ደኅና ነኝ» ሲል አይዋሽም፤ እንደሚሰማው ከሆነ በእርግጥ ደኅና ነው፤ በሽታው ግን በውስጡ ሥራውን አላቋረጠም። ስለዚህ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ፥ ይህን በሽታና የተደበቀበትን ስፍራ የሚያሳየውን የአንጎል ፎቶግራፍ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማስረዳት ወደድሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት የታሪክ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የእናቴ ታናሽ እኅት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤት አስተማሪ ናት። የምትኖረው ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ሲሆን፥ እኔን ፊደል ያስቈጠረችኝ እርሷ ናት። የዛሬ አምስት ዓመት፥ በ28 ዓመቷ፥ የቀኝ ዐይኗን አመማትና በዚያ ዐይን የምታየው ሁሉ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ቀይ ቀለም እንኳ ብዙ ጊዜ እንደ ታጠበ ጨርቅ ደብዝዞ ይታያት ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ያለ ምንም መድኃኒት ብርሃኗ ተመለሰላት። ሁላችንም ፈጣሪን አመስግነን ነገሩን ረሳነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እግሮቿ ደነዘዙ። ወገቧን በገመድ የታሰረች ያህል ይጨንቃት ጀመር። ከሁሉም የከፋው ግን ድካም ነበር፤ ጠዋት እየሣቀች ወደ ሥራዋ የሄደች ሰው ከቀትር በኋላ ስትመለስ ደረጃውን ለመውጣት ግድግዳ ትደገፍ ነበር። በቤታችን የተባለውን መሸሽግ አይገባኝም። አንዱ «ሥራ ጠልታ ነው» አለ፤ ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። እኔም በልቤ ከሐሜተኞቹ ወገን ነበርሁ፤ ምክንያቱም መልኳ አልጠቈረም፥ አልከሳችም፥ አላተኰሳትም። እንዲህ ያለውን ሰው ታማለች ብሎ ማን ያምናል?

አያቴ ግን የልጃቸው ነገር ስላሳሰባቸው፥ ለደነዘዘ እግር ይበጃል ብለው ወደ ፍል ውኃ ይዘዋት ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርሁ። ወደ ውኃው ገብታ ጥቂት እንደ ቈየች ያ የዳነው ዐይኗ እንደገና ጨለመባት፤ ጕልበቷም ከዳት። ደግፈን አወጣናት። በጥላ ሥር አስቀምጠናት ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዐይኗ እንደ ቀድሞው አየ። አያቴ እጅግ ደነገጡ፤ «ይህስ የሰው በሽታ አይደለም» አሉ። በኋላ ይህን ታሪክ ለአንድ የነርቭ ሐኪም ብትነግራቸው፥ ሐኪሙ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው «እስኪ ይህን እንደገና ይንገሩኝ» አሏት። ሌላው ሰው ሁሉ እንደ ተረት የሰማውን ነገር እርሳቸው እንደ ምስክርነት ሰሙት።

በሽታው ምንድን ነው?

ሐኪሙ የጠረጠሩት በሽታ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የነርቭን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አንጎላችንና በጀርባ አጥንታችን ውስጥ የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ለአካላችን ትእዛዝ የሚያስተላልፉት በቀጫጭን የነርቭ ክሮች ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በላስቲክ እንደሚለበስ ሁሉ፥ ከእነዚህ ክሮች ብዙዎቹ ማየሊን በሚባል ቅባትነት ባለው ሽፋን ተጠቅልለዋል። በዚህ ሽፋን ምክንያት በፈጣኖቹ ክሮች ውስጥ መልእክት በአንድ ሰከንድ እስከ 100 ሜትር ያህል ይጓዛል።

በደማችን ውስጥ ከጀርም የሚጠብቁን ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። በዚህ በሽታ ጊዜ ግን እነዚህ ጠባቂዎች ተሳስተው የራሳቸውን አገር ይወጋሉ፤ ይኸውም ማየሊኑን እንደ ጠላት ቈጥረው ያቈስሉታል። ሽፋኑ የተላጠ ክር መልእክቱን ያዘገያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያቋርጣል። ቍስሉ በዐይን ነርቭ ላይ ቢወጣ ዐይን ይፈዛል፤ በኅብለ ሰረሰር ላይ ቢወጣ እግር ይደነዝዛል ወይም ይዝላል። ሙቀት ደግሞ የተላጠውን ክር ይበልጥ ያደክመዋል። ጀርመናዊው የዐይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ በ1890 ሕመምተኞቹ ሰውነታቸውን ሲያደክሙ ዐይናቸው ለጊዜው እንደሚፈዝ ጽፎ ነበር፤ በኋላም የነገሩ ሥር የሰውነት መሞቅ መሆኑ ታወቀ። በፍል ውኃው ያየነውም ይኸው ነበር እንጂ ሌላ ምሥጢር አልነበረበትም።

ቍስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል። «ስክሌሮሲስ» ማለት በግሪክ ቋንቋ መጠንከር ወይም መድረቅ ሲሆን፥ «መልቲፕል» ማለት ብዙ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙን በአማርኛ ብንፈታው «ብዙ ጠባሳ» ልንለው እንችላለን። የበሽታውን ምልክትና ጠባሳውን አገናኝቶ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን በሚገባ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ነው፤ ይህንንም ያደረገው በ1868 በፓሪስ ከተማ በሳልፔትሪዬር ሐኪም ቤት ነው።

ከአሥር ሕመምተኞች በስምንቱ ወይም በዘጠኙ ላይ በሽታው የሚጀምረው በግርሻና በፋታ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ይነሣል፤ ከዚያም ይተኛል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ያገረሻል። በ2020 በተደረገው ቈጠራ በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተገምቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፥ ሴቶችን ቢያንስ በእጥፍ ይበልጥ ያጠቃል። በ2022 በአሜሪካ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ወታደሮችን መዝገብ መርምረው፥ ኤፕስታይን ባር በሚባለው ቫይረስ መያዝ የበሽታውን ዕድል 32 ጊዜ እንደሚያሳድገው አስታወቁ። ነገር ግን ይህ ቫይረስ ከሞላ ጐደል የሰውን ልጅ ሁሉ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በሽታው ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ርግማንም አይደለም።

ፎቶግራፉ ያልነበረበት ዘመን

ሻርኮ ጠባሳዎቹን በዐይኑ ያየው ሕመምተኞቹ ከሞቱ በኋላ ነበር። ከእርሱም በፊት ስኮትላንዳዊው ሮበርት ካርስዌል በ1838 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጠባሳዎቹን በቀለም ስሏቸው ነበር፤ እርሱም የሣለው ከሬሳ ላይ ነው። በሕይወት ያለን ሰው አንጎል ለማየት ምንም መንገድ አልነበረም።

የእንግሊዙ ንጉሥ የሦስተኛው ጆርጅ የልጅ ልጅ የሆነው አውግስጦስ ዴስቴ በ1822 ዐይኑ በድንገት ፈዘዘበት፤ ከዚያም ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ ግን እግሩ እየከዳው፥ እየተሻለውና እያገረሸበት እስከ ሞተበት እስከ 1848 ድረስ ተሠቃየ። የሕመሙን ነገር በማስታወሻ ደብተሩ በትጋት ይጽፍ ነበር። የንጉሥ ዘር ስለ ነበረ ሐኪም አልጠፋለትም፤ ሆኖም የበሽታውን ስም የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። በሽታው ምን እንደ ነበረ የታወቀው ከሞተ ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ ማስታወሻው ሲነበብ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ስለ አክስቴ ዐይን የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የሚጠረጥሩትን ሰው በሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ ይብስበት እንደ ሆነ የሚመለከቱበት ዘመን ነበር። እንግዲህ አያቴ ሳያውቁት የድሮ ሐኪሞችን ምርመራ ፈጽመዋል ማለት ነው። ራጅ በ1895 በሮንትገን ቢገኝም የሚያሳየው በተለይ አጥንትን እንጂ ለስላሳውን የአንጎል ሥጋ አይደለም። በ1971 በለንደን የተጀመረው ሲቲ ስካን አንጎልን ማሳየት ቢችልም ከእነዚህ ቍስሎች አብዛኞቹ ያመልጡት ነበር።

ዣክሊን ዱ ፕሬ የምትባል ስመ ጥር እንግሊዛዊት ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ትጫወት ነበር። ገና በወጣትነቷ ጣቶቿ አውታሩን መዳሰሳቸው አልሰማት አለ። መልቲፕል ስክሌሮሲስ መሆኑ የተነገራት በጥቅምት 1973፥ በ28 ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ አልተጫወተችም፤ በ1987 በ42 ዓመቷ ዐረፈች። የሚያስገርመው ነገር፥ ለእርሷ ሕመሟ በተነገራት በዚያው በ1973 በመጋቢት ወር፥ አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር «ኔቸር» በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ትንሽ ሥዕል አሳትሞ ነበር። ሥዕሉ የሚያሳየው ውኃ የተሞሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የተነሣው በራጅ ሳይሆን በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነበር። የዛሬው ኤም አር አይ የተወለደው ከዚህ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ከሰውነታችን የሚበዛው ክፍል ውኃ ነው፤ ውኃም ሃይድሮጅን አለበት። የሃይድሮጅን አቶም አስኳል እንደ ትንሽ ማግኔት ይሠራል። ሰውየው በታላቅ ማግኔት ውስጥ ሲተኛ እነዚህ ትንንሽ ማግኔቶች ወደ ማግኔቱ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ከዚያ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ከቦታቸው ይናወጣሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ እነርሱም በተራቸው ደካማ ሞገድ ይልካሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን ሞገድ ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። የተለያየ ሥጋ ውስጥ ያለ ውኃ በተለያየ ፍጥነት ስለሚመለስ፥ ጤነኛውና የቈሰለው ሥፍራ ይለያያሉ። በሐኪም ቤቶች የተለመደው መሣሪያ ኀይሉ 1.5 ቴስላ ሲሆን፥ ይህም ከመሬት ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ነው ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት ሰዓት፥ የፀጕር መርፌና ማንኛውም ብረት የሚወልቀው። ላውተርበርና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ስለዚህ ሥራቸው በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ1981 በለንደን በሃመርስሚዝ ሐኪም ቤት 10 የመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕመምተኞች በሁለቱም መሣሪያዎች ተመረመሩ። ሲቲ ስካን 19 ቍስሎችን አሳየ፤ አዲሱ መሣሪያ ግን እነዚያን 19 እና ሌሎች 112 ቍስሎችን ጨምሮ አሳየ። ከሻርኮ ዘመን ጀምሮ ከሞት በኋላ ብቻ ይታይ የነበረው ነገር፥ ሕመምተኛው በሕይወት እያለና እየተናገረ ታየ ማለት ነው።

አክስቴ በተመረመረች ቀን እናቴ ከሥራ እስክትመጣ ድረስ አብሬያት የሄድሁት እኔ ነበርሁ። በጠባቡ ዋሻ ውስጥ ስትገባ በመስኮት አየኋት። መሣሪያው ብረት እንደሚቀጠቅጥ አንጥረኛ ያለ ማቋረጥ ይንኳኳ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀስ ተኛች። በኋላ ሐኪሙ ፊልሙን በመብራት ላይ ሰቅለው ሲያሳዩን፥ በአንጎሏ መካከል ባሉት ፈሳሽ በሚይዙት ክፍት ሥፍራዎች ዙሪያ ሞላላ ነጫጭ ነጥቦች ተደርድረው ነበር። ዘጠኝ ቈጠርሁ። እናቴ አለቀሰች። ያስለቀሳት በሽታው ብቻ እንዳልነበረ ዐውቃለሁ፤ ሁላችንም «ስንፍና» ያልነው ነገር እነሆ በነጭ ተጽፎ በፊታችን ተሰቅሎ ነበርና።

አመዱና ፍሙ

ሐኪሙ ግን «እነዚህ ነጫጭ ነጥቦች ዕድሜያቸውን አይናገሩም» አሉን። ነጥቡ የአሥር ዓመት ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ የባለፈው ሳምንት ቍስልም ሊሆን ይችላል። እናቴ ይህን ነገር በኋላ ለአያቴ ስታስረዳ በምድጃ መሰለችው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ምድጃ ውስጥ አመድ ብናይ እሳት እንደ ነበረ እናውቃለን፤ አሁን ፍም መኖሩን ግን አመዱን ሳንገልጥ አናውቅም።

አመዱን የሚገልጠው ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ያለበት ፈሳሽ ነው፤ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል አይደለም፤ እጅግ ጥብቅ ስለ ሆነ ይህን ፈሳሽ ወደ አንጎል አያሳልፍም። ነጭ የደም ሕዋሳት አሁን በመውጋት ላይ ባሉበት ሥፍራ ግን ግድግዳው ይከፈታል፤ ፈሳሹም በዚያ ይሰርጋል፤ በፊልሙም ላይ ያ ሥፍራ ያበራል። ይህ ብርሃን የሚቈየው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋና ጠባሳው ብቻ ይቀራል። ሐኪሞች «የበሽታው እንቅስቃሴ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ይኸውም የሚያበራ ቍስል፥ ወይም ካለፈው ፊልም ጋር ሲነጻጸር አዲስ የወጣ ወይም የሰፋ ነጥብ ነው። ከአክስቴ ዘጠኝ ነጥቦች አንዱ ያበራ ነበር።

ይህ ለምርመራውም ታላቅ ጥቅም አለው። በሽታው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ነው ለማለት ቍስሎቹ በልዩ ልዩ ሥፍራና በልዩ ልዩ ጊዜ መውጣታቸው መረጋገጥ አለበት። ድሮ ሐኪሙ ሁለተኛውን ግርሻ እስኪያይ ድረስ ዓመታት ይጠብቅ ነበር። በኒው ዚላንድ ተወላጁ በነርቭ ሐኪሙ በኢያን ማክዶናልድ ስም የሚጠራው መመሪያ ግን በ2001 ለፎቶግራፉ ትልቅ ሥፍራ ሰጠ። በ2010 በተሻሻለው መመሪያ መሠረት፥ በአንድ ፊልም ላይ የሚያበራና የማያበራ ቍስል አብረው ቢገኙ፥ ፍሙና አመዱ ሁለት ጊዜ መሆኑን ስለሚመሰክሩ ሁለተኛ ግርሻ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ተመራማሪዎች ሕመምተኞችን በየወሩ ፎቶግራፍ እያነሡ በተከታተሉ ጊዜ፥ ሕመምተኛው ከሚሰማው ከአንድ ግርሻ ጋር ሲነጻጸር ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ አዳዲስ ቍስሎች በፊልሙ ላይ እንደሚወጡ ተገነዘቡ። አንጎል ሰፊ ነው፤ ብዙው ቍስል የሚወጣው ሕመም በማይሰማበት ሥፍራ ነው፤ አንዳንዱንም ሥራ ጎረቤት ክሮች ተረክበው ይሠራሉ። ስለዚህ በሁለት ግርሻዎች መካከል ያለው ጸጥታ የሰላም ጸጥታ ላይሆን ይችላል።

እኔ የሠራሁት ጥፋት

ይህን ሁሉ በቃል ባውቀውም በልቤ አልገባኝም ነበር። ለአክስቴ የታዘዘላት ኢንተርፌሮን ቤታ የሚባል መድኃኒት ነው፤ በየሁለት ቀኑ በራሷ እጅ ትወጋው ነበር። መድኃኒቱ የሚመጣው ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ስለ ነበረ ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፤ በተወጋችም ማግስት እንደ ጕንፋን ያንቀጠቅጣት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት በደኅና አለፈ፤ የዓመቱም ፊልም ምንም አዲስ ነገር አላሳየም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ፍሪጅ ስከፍት የመርፌዎቹ ካርቶን ሳይነካ እንደ ተቀመጠ አየሁ። ብጠይቃት ሣቀችና እንዲህ አለችኝ፤ «አንቺ ልጅ፥ ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ። አሁን እኮ ደኅና ነኝ። ደኅና ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል? ገንዘቡም ለቤት ይሁን።»

እኔም ዝም አልሁ። የተውሁት በክፋት አይደለም፤ በዐይኔ የማየውን አምኜ ነው። ወደ ተማሪ ቤቷ በእግሯ ትሄድ ነበር፤ በዘመድ ሠርግ ላይ እስክስታ ስትመታ ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። አራት ወር እንዲህ ሆነ።

የሁለተኛው ዓመት ፊልም በተሰቀለ ጊዜ ሐኪሙ የቀድሞውን ፊልም ከአጠገቡ ሰቅለው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ሁለት አዳዲስ ነጥቦች ነበሩ፤ ከሁለቱም አንዱ እንደ ፍም ያበራ ነበር። «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ?» ብለው ጠየቋት። አክስቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም ዐይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። ሁለታችንም የሸሸግነውን ፊልሙ ተናገረብን። ሐኪሙ ግን አልተቈጧትም። «ደኅንነትዎን ስሜትዎ ብቻ አይነግርዎትም፤ ይህ መድኃኒት የሚሰጠው ያለፈውን ለማዳን ሳይሆን የሚመጣውን ለማገድ ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌዋን አላቋረጠችም። በዘንድሮው ፊልም ላይ የሚያበራም ሆነ አዲስ ነጥብ አልተገኘም። ይህ ድናለች ማለት አይደለም፤ በሽታው ለጊዜው ታግዷል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ራሱ ከፎቶግራፉ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1993 በወጣው ምርመራ በአሜሪካና በካናዳ 372 ሕመምተኞች ተካፍለው፥ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ሰዎች ግርሻቸው ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሐኪሞቹን ይበልጥ ያሳመናቸው ግን የአዳዲስ ቍስሎች ቍጥር በፊልሙ ላይ ከዚያ እጅግ በበለጠ መቀነሱ ነው። መድኃኒቱም በዚያው ዓመት በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መድኃኒት ሲፈተን ቍስሎቹን በፎቶግራፍ መቍጠር የተለመደ ሆኗል፤ የሰው ግርሻ እስኪቈጠር ዓመታት ሲፈጅ የፊልሙ ቍጥር ግን በወራት ውስጥ ፍንጭ ይሰጣልና።

ፎቶግራፉ የማይናገረው

አንባቢ ግን ፊልሙ ሁሉን ዐዋቂ ነው ብሎ እንዳያስብ እሰጋለሁ። አንጎሉ በነጥብ ተሞልቶ በእግሩ የሚሮጥ ሕመምተኛ አለ፤ ጥቂት ነጥብ ብቻ ኖሮት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድም አለ። ምክንያቱም ከቍጥሩ ይልቅ ሥፍራው ይበልጣል፤ በጠባቡ ኅብለ ሰረሰር ላይ ያለ አንድ ትንሽ ቍስል በሰፊው አንጎል ውስጥ ካሉ ከብዙዎች የከፋ ጕዳት ሊያደርስ ይችላል። ደግሞም በአንጎል ግራጫ ክፍል ውስጥ ያሉት ቍስሎች ብዙዎቹ በተለመደው ፊልም አይታዩም። በዚያ ላይ ነጭ ነጥብ ሁሉ መልቲፕል ስክሌሮሲስ አይደለም፤ የደም ብዛት፥ ማይግሬን የሚባለው የራስ ምታትና እርጅናም ነጥብ ያወጣሉ። ስለዚህ ሐኪም ፊልሙን የሚያነበው ሰውየውን ከመረመረና ታሪኩን ከሰማ በኋላ ነው።

የፍሙም ምሳሌ ወሰን አለው። በሽታው ዓመታትን ሲያስቈጥር የሚያበራ ቍስል ሳይኖር ጕዳቱ ቀስ በቀስ ሊቀጥል ይችላል። ይህንን ለማወቅ ሐኪሞች የአንጎልን መጠን ይለካሉ፤ ሕክምና ባላገኙ ሕመምተኞች አንጎል በየዓመቱ ከ0.5 እስከ 1.35 በመቶ እንደሚቀንስ ተለክቷል፤ ይህም ከጤነኛ ሰው ይበልጣል። የአክስቴን የቀትር ድካም ግን እስከ ዛሬ የትኛውም ፊልም አላሳየንም። ያንን የምናውቀው እርሷ ስትነግረን ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ይህ በሽታ በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይበዛል፤ ወደ ምድር ወገብ በተጠጋን ቍጥር ይቀንሳል። አገራችንም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች በእኛ ዘንድ ብዙ አይሰማም። ሆኖም አለመኖርና አለመታየት አንድ አይደሉም። መሣሪያው ውድ ነው፤ የነርቭ ሐኪሞችም ጥቂት ናቸው፤ ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው ዐይኑ ፈዝዞ ቢመለስለት ማንም ፎቶግራፍ አያነሣውም። ከእኛ ተማሪዎች መካከል ሕክምናን ወይም ፊዚክስን ለመማር የሚያስብ ካለ፥ በዚህ በኩል የሚጠብቀው ሥራ ብዙ መሆኑን ላስታውሰው እወዳለሁ።

ወላጆችም ሆናችሁ ጓደኞቼ፥ አንድ ወጣት ሰው ዐይኑ ለሳምንታት ፈዝዞ ቢመለስለት፥ ወይም እጅና እግሩ ደንዝዞ ቢተወው፥ «ተሻለው» ተብሎ እንዳይረሳ፤ ለሐኪም ይነገር። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው ደኅና ስለ ሆነ ብቻ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ የሚያውቅ ቤተ ዘመድም እንደ እኔ ዝም አይበል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊቱ ያልጠቈረውንና ሰውነቱ ያልከሳውን ሰው «ሰነፍ» ለማለት አንቸኵል። እኛ ፊልሙ እስኪሰቀል ድረስ አክስቴን ሳናምናት ቀርተናል፤ እርሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር።

ዛሬም በማስተማር ሥራዋ ላይ ናት። በክፍል ውስጥ ወንበር ተሰጥቷታል፤ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ትተኛለች። በዚያ ሰዓት በግቢያችን ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አያቴ እንኳ ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ ያባርራሉ። እኔም በሯን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ።